ልጄ አፍንጫውን የሚያሳርፍበት ቦታ

ዶክተሯ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ በላው ምግብ አልነበረም። ከኪሷ ትንሽ ባትሪ አውጥታ የልጄን ዓይን አየች። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። መልሳ የመጀመሪያውን። ከዚያ ባትሪውን አጥፍታ ወደ እኔ ዞረች።

«ቤት ውስጥ ምን ረጭታችኋል?»

እኔ ስለ እራቱ ልነግራት ነበር የተዘጋጀሁት። ያስመለሰው ምግብ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ምራቁ መብዛቱን፣ ላብ በላብ መሆኑን፣ ሁሉንም ከምግቡ ጋር አያይዤዋለሁ። የረጨሁት ነገር ትዝም አላለኝ። የረጨሁት ደግሞ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አልጋው ላይ። ፍራሹ ላይ። በገዛ እጄ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን አራት ዓመት ሲሞላው ከእኛ አልጋ ወርዶ ለብቻው እንዲተኛ ተስማማን። ያገለገለ የእንጨት አልጋ ከነፍራሹ ተገኘ። በሁለተኛው ሳምንት ክንዱ ላይ በመስመር የተደረደሩ ቀያይ እብጠቶች አየሁ። ትኋን። ጎረቤቴ «አታስቢ፣ መድኃኒቱ እኔ ጋ አለ» ብላ በግማሽ ሃይላንድ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይዛልኝ መጣች። ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። እሷም ከገበያ ስትገዛው ምንም ጽሑፍ በሌለው ብልቃጥ ነው። የአልጋውን ስንጥቅ ረጨሁ። ፍራሹንም ግራና ቀኝ እያገላበጥኩ አራስኩት። አመሻሽ ላይ ሲደርቅልኝ ንጹሕ አንሶላ አንጥፌ ልጄን አስተኛሁት።

ክሊኒኩ ውስጥ ገላውን በሳሙና አጠቡት። ልብሱን በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። እስኪነጋ ድረስ እየመጡ ዓይኑን ያያሉ፣ ትንፋሹን ይቆጥራሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሊነጋጋ ሲል «ውሃ» አለ።

ዶክተሯ ስታሰናብተን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አንዳንድ የተባይ ማጥፊያዎች የዓይን ብሌንን እንደ መርፌ ጫፍ ያጠብባሉ። ለዚያ ነው ባትሪ ያበራችው። ልጅ ደግሞ ከትልቅ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ከእኛ የበለጠ አየር ይስባል። ቆዳውም እንደዚያው፣ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው። ለእኛ ትንሽ የሆነው ለሱ ትንሽ አይደለም።

«ፍራሹን አጥቤ ፀሐይ ላይ ባሰጣውስ?» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ስፖንጅ አይደል? ውስጡ ገብቷል። ተዪው።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ወራት በሙሉ ፍራሽ ስፈልግ ነው ያሳለፍኳቸው። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «ፍራሽ ፍራሽ ነው፣ አንዱን እንግዛ» ይል ነበር። ልጁ እስከዚያው ከእኛ ጋር ይተኛል። እኔ ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኛ ነው የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት። የዕድሜውን ግማሽ ገደማ ማለት ነው። ያን ሁሉ ሰዓት አፍንጫው ከፍራሹ አንድ ስንዝር አይርቅም። በደረቱ ሲተኛማ ጭራሽ ይነካዋል። ጫማ ስገዛለት ሦስት ሱቅ እዞራለሁ። ፍራሹን ግን ከአልጋው ጋር የመጣ ዕቃ ነው ብዬ፣ አንዴም ጠጋ ብዬ ሳላየው ተቀብዬዋለሁ።

መርካቶ ሄድኩ። የገባሁበት ሱቅ እስከ ጣሪያው ድረስ ፍራሽ ተደርድሯል። ሁሉም ላስቲክ ለብሷል። በሩ ላይ ስቆም ሽታው አፍንጫዬን ወጋኝ፤ ዓይኔም ትንሽ አቃጠለኝ። ባለሱቁ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ትሑት ሰው ናቸው። «ለስንት ዓመት ልጅ ነው፣ የኔ እናት?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አንዱን አወረዱልኝ።

«ጋሼ፣ የስፖንጁ ጥቅጥቅነት፣ ዴንሲቲው ስንት ነው?»

«25 ነው። አንደኛ ነው።»

ላስቲኩን ክፈቱልኝ አልኩ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ ፊቴን ፍራሹ ላይ አስተኛሁ። ልጄ እንደሚተኛው፣ በጉንጬ። አንድ ሁለት ሰው ቆሞ አየኝ። ጥቂት ጊዜ ቆየሁ። አዲስ ቀለምና የተቃጠለ ላስቲክ የተቀላቀሉበት የሚመስል ሽታ ነው። ጉሮሮዬን ከረከረኝ።

ያን ቀን ማታ ስፖንጅ ምን እንደሆነ ማንበብ ጀመርኩ። እኛ ስፖንጅ የምንለው ፖሊዩሬታን ይባላል። የዚህን ነገር ኬሚስትሪ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1937 ጀርመን ውስጥ ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ናቸው። ፖሊዮልና አይሶሳያኔት የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ከትንሽ ውሃና ከማፋጠኛ ጋር ሲደባለቁ ኩፍ ይላሉ። ኩፍ የሚያደርገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እንጀራችን ዓይን የሚያወጣውም በዚሁ ጋዝ ነው። ስፖንጁ ውስጥ የምናያቸው ቀዳዳዎች የሱ ዓይኖች ናቸው ማለት ይቻላል። አይሶሳያኔት በፈሳሽነቱ ኃይለኛ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞችን አስም ያስይዛል። በደንብ ተዋህዶ ከደረቀ በኋላ ግን እንደዚያ ሆኖ አይቀጥልም። ጉሮሮዬን የከረከረኝ በአብዛኛው ከማፋጠኛውና ከሌሎች ተጨማሪዎች የቀረው ተናኝ ነገር ነው። አየር ካገኘ በቀናትና በሳምንታት ይቀንሳል።

አየር ካገኘ። እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ላስቲክ የሚመጣው።

እስቲ የማታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ፍራሽ ተገዝቶ ሲመጣ ላስቲኩ አይነሳም። «እንዳይቆሽሽ» ይባላል። ልጅ ካለ ደግሞ «ሽንቱ እንዳይገባ» ይጨመርበታል። ላስቲኩ አርጅቶ እስኪቀደድ ዓመት ሁለት ዓመት ይቆያል። እኛ ቤትም እንዲያ ነበር። ልጁ ሌሊት ሲገላበጥ ኮሽ ኮሽ ይላል። ጀርባው ያልበዋል። ፍራሹም መጀመሪያ ሳምንት ላይ ተናፍሶ መልቀቅ የነበረበትን ነገር ይዞ ይቆይና ላስቲኩ በተቀደደበት በኩል ቀስ እያለ ያወጣዋል። ላስቲኩ ከቪኒል የተሠራ ከሆነማ ራሱ ማለስለሻ አለው። ብዙውን ጊዜ ፋታሌት የሚባለው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ የልጆች መጫወቻና መንከባከቢያ ዕቃዎች ላይ የተወሰኑ ፋታሌቶችን ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆኑ ገድባለች።

ይህን ስል ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 4 ዓመት የሆኑ ልጆች የሚተኙባቸውን 25 ክፍሎች አየር መረመሩ። ፋታሌትና እሳት መከላከያ ኬሚካሎች ከክፍሉ ሁሉ በዝተው የተገኙት አልጋው አጠገብ ነው። ቀጥለው 16 አዳዲስ የልጆች ፍራሾችን መረመሩ። ከሁሉ በላይ የቆረጠመኝ ነገር ይሄ ነው፦ የልጅ የሰውነት ሙቀትና ክብደት ሲያርፍበት ከፍራሹ የሚወጣው ኬሚካል ይጨምራል። ሱቅ ውስጥ ቀዝቅዞ የተቀመጠው ፍራሽና ልጄ ሞቆት የተኛበት ፍራሽ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ አፍንጫ ብቻውን አይበቃም። ሽታ ያለው ሁሉ መርዝ አይደለም። ሽታ የሌለውም ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

ወደ መርካቶ ተመለስኩ። በዚህኛው ዙር እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ የተወችልኝን የሻንጣ መመዘኛ ይዣለሁ። ዴንሲቲ ማለት የአንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ክብደት በኪሎ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ወርዱ 90፣ ርዝመቱ 190፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ፍራሽ ሩብ ሜትር ኩብ ትንሽ ያልፋል። 25 ነው ከተባለ ስፖንጁ ብቻውን 6 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። በገመድ አስረን አንጠለጠልነው። ጨርቁን ጨምሮ 4 ኪሎ ተኩል። ሲካፈል 17 ተኩል ይመጣል። ባለሱቁ መመዘኛውን ተቀብለው ደጋግመው አዩት። «እኔም 25 ብለው ነው የሰጡኝ» አሉ። አመንኳቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁት መደንገጥ ነው።

ይሄ የክብደት ነገር ለምን ያስጨንቃል? ቀላል ስፖንጅ ቶሎ ይጎደጉዳል። የሚያድግ ልጅ ደግሞ ወገቡ የሚሰምጥበት ፍራሽ አያስፈልገውም። በጎኑ ሲተኛ ጀርባው ከአንገቱ እስከ ዳሌው ቀጥ ማለት አለበት። ከኋላው ቆማችሁ በዓይን ማየት ትችላላችሁ።

ሌላ ሱቅ ውስጥ ሚዛኑ ልክ የመጣ አገኘሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ የጨርቁን ዚፕ ከፍቼ ስፖንጁን በመዳፌ ፈተግ አደረግኩት። እጄ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ክብደት እንዲያነሳ ይጨመርበታል። እንዲህ ያለ ስፖንጅ ቶሎ ይፈረፈራል፤ ብናኙ ደግሞ ልጁ የሚስበው አየር ውስጥ ይገባል። ተውኩት። ፍራሽ ልትገዙ ስትሄዱ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይቺን ውሰዱ፦ ዚፕ ያለውን ጠይቁ፣ ክፈቱት፣ በእጃችሁ ፈትጉት።

እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ደውዬ ሳማርርላት «እዚያ ያለው ሁሉ ምልክት ያለበት ነው፣ እኔ ልላክልሽ» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች። ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። ለልጇ በካርቶን ተጠቅልሎ የሚመጣ ርካሽ ፍራሽ በኢንተርኔት አዘዘች። ልጅቷ አንድ ሌሊት ሸናችበት። ጨርቁ ዚፕ ስላለው አውልቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ልጅቷ ሰውነቷን ስታክ ዋለች። ማታ መብራት ሲበራ ምንጣፉ ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ልብሱ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አየች። የመስታወት ክር ነው። ፋይበርግላስ።

አሜሪካ ውስጥ ከሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም ፍራሽ የእሳት ነበልባል ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናውን በሱፍ ወይም በሌላ ዓይነት ጨርቅ ማለፍ ይቻላል። ርካሾቹ አምራቾች ግን ከላይኛው ጨርቅ ሥር ከመስታወት ክር የተሠራ ሽፋን ያለብሱታል። ጨርቁ ካልተገለጠ ብዙም አይወጣም። ከተገለጠ ግን ቤቱን ይሞላል። ካሊፎርኒያ ከ2027 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ፋይበርግላስ ያለበት ፍራሽ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። ዘመድ ከአሜሪካ ፍራሽ ሊያመጣላችሁ ከሆነ ምልክቱን ያንብብላችሁ። «ግላስ ፋይበር» የሚል ካለበት ወይም «ጨርቁን አታውልቁ» የሚል ካለ ለልጅ አይሁን። ልጅ ይሸናል። ጨርቅ ይወልቃል።

ስለ እሳት መከላከያ ካነሣሁ አይቀር፣ ፔንታ ቢዲኢ የሚባል ኬሚካል ለብዙ ዓመታት በሶፋና በሌሎች የስፖንጅ ዕቃዎች ውስጥ ይጨመር ነበር። ከስፖንጁ ጋር ስላልተጣበቀ እየወጣ ከአቧራ ጋር ይቀላቀላል። አቧራው ልጅ እጅ ላይ፣ ከእጁ አፉ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2009 የስቶክሆልም ስምምነት ውስጥ ከሚወገዱት ኬሚካሎች ተርታ ተመዘገበ። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። አሮጌ ሶፋ እየተቀደደ ስፖንጁ ተቆራርጦ በሙጫ ተጣብቆ እንደገና ፍራሽ ሲሆን ባየሁ ቁጥር ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ። ቀለማቸው የተለያየ ቁርጥራጮች ካያችሁበት እሱ ነው። ለልጄ አልገዛውም።

ውጭ አገር ላላችሁት ደግሞ ስለ ምልክቶቹ ጥቂት ልበል። እህቴ ከዚያ በኋላ በደንብ አጥንታዋለች። ሰርቲፑር የሚባለው ስለ ስፖንጁ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስለ ጨርቁ ምንም አይልም። ግሪንጋርድ ጎልድ ከፍራሹ ወደ አየር የሚወጣውን ነገር ይለካል። ኦኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100 ጨርቁና ዕቃው ውስጥ ያለውን ጎጂ ነገር ይመረምራል፤ አንደኛ ክፍል የሚለው ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሆነው ጥብቁ ነው። የምስክር ወረቀቱ ቁጥር ስላለው ድረ ገጹ ላይ ማጣራት ይቻላል። ጎትስ ጥጡ በኦርጋኒክ እርሻ፣ ማለትም ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ፣ መመረቱን ነው የሚያሳየው። «ናቹራል»፣ «ኢኮ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ግን የማንም ምስክርነት አይደለም። ቅጠል ስለተሳለበት አትመኑት።

እናቴ ይህን ሁሉ ወሬ ቡና እያፈላች ትሰማለች። አንድ ቀን ረከቦቱን እያስተካከለች «ጥጥ ለምን አታስነድፊለትም?» አለችኝ።

«እማ፣ ጥጥ ፍራሽ አሁን ማን ይሠራል?»

«ሳትፈልጊ?»

እሷ ያደገችው መደብ ላይ ጀንዲ ተነጥፎ ነው። ጥጥ ፍራሽ ያየችው አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ነው። በየሁለት ዓመቱ ከጥቅምት በኋላ ነዳፊ ቤት ድረስ ይመጣና ግቢው ውስጥ ፍራሹን ተርትሮ፣ ጥጡን አውጥቶ፣ እንደ አዲስ ነድፎ ይሰፋው እንደነበር ነገረችኝ። ዱቄት የመሰለ አቧራ ይወጣል፣ ልጆች ከግቢ ይባረራሉ።

መጀመሪያ ገበያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጥጥ ፍራሽ አየሁ። ልምድ ስላስተማረኝ «ጥግ ላይ ትንሽ ስፌት ፍቱልኝ» አልኩ። ሻጩ አልወደደውም። ካልፈታህልኝ አልገዛም ስል ግን ፈታልኝ። ሁለት ጣቴን ከትቼ ሳብኩ። ሰማያዊ ክር፣ የጂንስ ቁራጭ፣ ቁልፍ ያልወጣለት የሸሚዝ ጫፍ። ከላይ ነጭ ጥጥ ለብሷል፣ ውስጡ የተፈጨ ቡትቶ ነው። ያ ጨርቅ ከማን ገላ እንደወጣ፣ በምን እንደታጠበ ማን ያውቃል?

በመጨረሻ ሰው በሰው አንድ ነዳፊ ሽማግሌ አገኘሁ። ቤታቸው ሄድኩ። ጥጡን እንዳየው ፊቴ እንዲነድፉት ለመንኳቸው። «ደስ ይለኛል፣ አሁን ማን ያያል ብለሽ ነው» አሉኝ። ግቢ ውስጥ ኬሻ አነጠፉ። ጥጡን ዘረገፉት። ፍሬና የቅጠል ስብርባሪ እየለቀሙ ጣሉ። ከዚያ ደጋናቸውን አነሡ። ቁመቱ ከሳቸው አይተናነስም። ጅማቱን ጥጡ ውስጥ አስገብተው በእንጨት ሲመቱት ደ-ን-ን ይላል። በያንዳንዱ ምት ድብልብል ያለው ጥጥ ተበትኖ ይነሣና እንደ ጉም ይረጋል። ባዘቶ ሆነ። እጄን ስከትበት እጄ የገባበት አልታወቀኝም። ሞቅ ብሎ፣ ደረቅ ያለ የእርሻ ሽታ አለው። እዚያም ተንበርክኬ ፊቴን አስጠጋሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ልጅሽ ነው የሚተኛበት?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

ጥጥ እንከን የለውም አልልም። አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ባሉት ትልልቅ እርሻዎች ጥጥ ብዙ የተባይ መድኃኒት የሚረጭበት ሰብል ነው። ከተለቀመ በኋላ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ያም ሆኖ ምንም የለበትም ብዬ አልምልም። ጥጥ እርጥበት ይይዛል፤ ካልተናፈሰ የአቧራ ትል ይራባበታል፤ አስም ላለበት ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ይከብዳል። የእኛው 12 ኪሎ መጣ። ይረጋል፣ በየዓመቱ ሁለት ዓመቱ መነደፍ ይፈልጋል። እሳትን በተመለከተም ሁለቱም ይነዳሉ። ጥጥ ቀስ ብሎ ሲጨስ ይቆያል። ስፖንጅ በደቂቃዎች ውስጥ ይንቦገቦጋል፤ ጭሱም ሳያናይድ አለበት። መብራት ሲጠፋ ሻማ ከአልጋ አጠገብ አናስቀምጥ፣ ፍራሹ ምንም ይሁን ምን።

ታዲያ ለምን ጥጥ መረጥኩ? ውስጡን ስላየሁት ነው። ሲገባ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዓመት በኋላ ተርትሬ እንደገና ላየው እችላለሁ። ያን ሌሊት ክሊኒክ ውስጥ ዶክተሯ «ምን ነበር የረጫችሁት?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እንደዚያ መባልን ሁለተኛ አልፈልግም።

ስፖንጅ የሚገዛን ሰው ግን አልወቅስም። ጥጥ ማስነደፍ ጊዜ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ደህና ስፖንጅ ገዝቶ፣ ላስቲኩን ጥሎ፣ ልጁ ሳይተኛበት ሁለት ሦስት ሳምንት መስኮት በተከፈተበት ክፍል አቁሞ ማናፈስ ትልቅ ነገር ነው። ፀሐይ ላይ ራቁቱን አይውል። ፀሐይ ስፖንጅን ቢጫ ታደርገዋለች፣ ታፈረፍረዋለች። ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ነው የሚሻለው። ጥጥ ግን ፀሐይ ይወዳል።

ለጨቅላ ልጅ ደግሞ ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ወልዳ «እንዳንቺው ጥጥ ላስነድፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኳት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን የሚያስፈልገው ጠንከር ያለና ጠፍጣፋ ፍራሽ ነው። ፊቱ የሚሰምጥበት ለስላሳ ነገር ትንፋሹን ሊዘጋበት ይችላል። በጀርባው ይተኛል፣ ትራስም አያስፈልገውም። በፍራሹና በአልጋው ጠርዝ መሃል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ፍራሹ አንሷል።

የፍራሹን ልብስ ከአቡጀዲ አሰፋሁት። ከመሰፋቱ በፊት ሁለቴ አጥቤዋለሁ፤ አዲስ ጨርቅ ሙጫና ማድረቂያ አይጠፋውም። ሽንቱን በተመለከተ እናቴ አሮጌ ጋቢ ሰጠችኝ። አራት ድርብ ነው። ከአንሶላው ሥር አጥፌ አነጥፈዋለሁ። ሌሊት ከሸና ጋቢው ይጠጣዋል፣ ጠዋት ይታጠባል። ፍራሹ ጋ የደረሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ዋለ። የክረምቱ ነገር ያሳስበኛል። ሐምሌና ነሐሴ ልብስ እንኳ አይደርቅም። ለዚያ ሁለተኛ ጋቢ እያዘጋጀሁ ነው።

አልጋውን ብረት አደረግነው። ትኋን መሸሸጊያ ስንጥቅ እንዳያገኝ ነው። ከመጣም በፈላ ውሃና በእንፋሎት እንጂ በብልቃጥ አልሄድበትም። ትኋን 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለፈ ሙቀት አይችልም፤ ብዙዎቹን መርጫዎች ግን ለምዷቸዋል። ብርድ ልብሶቹ መሃል የነበሩትን የናፍታሌን ኳሶችም ለቅሜ አወጣሁ። ኳሷ እያነሰች የምትሄደው ወደ አየር ስለምትተን ነው። በዘር የሚወርድ የኢንዛይም ጉድለት ያለባቸው ልጆች ደግሞ በሷ ምክንያት ቀይ የደም ሴላቸው ሊሰበር ይችላል። የከሰል ምድጃም ከመኝታ ክፍል ወጣ። ለቅዝቃዜ ብለን ሌሊት አስገብተን የምናውቅበት ጊዜ ነበር። ስለ ፍራሽ ሽታ ስንት ወር ስጨነቅ ሰው እንቅልፍ ላይ እንዳለ የሚገድለው የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም።

ፍራሹ የመጣ ቀን ልጄ ሲዘልበት አመሸ። ማታ ከመተኛቱ በፊት አንሶላውን ሳነጥፍ ልማድ ሆኖብኝ ተንበርክኬ ጉንጬን አስጠጋሁ። ትራሱ ከሚቀመጥበት ዝቅ ብሎ፣ አፍንጫው በሚያርፍበት ቦታ።

«እማዬ፣ ምን እያሸተትሽ ነው?»

«ምንም።»

አጠገቤ መጥቶ እሱም በጉንጩ ተኛ። አፍንጫውን ነፋ ነፋ እያደረገ ሳበ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለልኝ።